የታንኳ ጥለትና የታንኳ ጥንካሬ

ታንኳ በተባለ ጊዜ አሳባችን ፈጥኖ የሚሄደው ከደንገል ታስሮ በጣና ሐይቅ ላይ ወደሚቀዘፈው ነው። ዛሬ የምናወሳላችሁ ግን በሰሜን አሜሪካ ሰዎች በየቤታቸው ከቀጫጭን ጣውላ እየገጣጠሙ ስለሚሠሩት ታንኳና በጎኑ ላይ ስለሚያሳርፉት የእንጨት ጌጥ ነው። ጌጡ የታንኳውን ጉልበት ይቀንስበታልን? በሐይቅ መካከል ለሚቀዝፍ ሰው ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም።

የዚያ አገር ነባር ሕዝቦች ታንኳቸውን ከበርች ዛፍ ቅርፊት ይሠሩ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በካናዳ፥ በፒተርቦሮ ከተማ አካባቢ የነበሩ አናጢዎች ቅርጹን ወስደው በጣውላ መሥራት ጀመሩ። ጣውላውን በአንድነት የሚይዘው ከውስጥ እንደ ጎድን አጥንት የተደረደረው እንጨትና ምስማሩ ስለ ነበረ፥ ለጌጥ ብሎ መጋጠሚያውን ያዛባ አናጢ ውኃው ወዲያው ይፈርድበት ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ፋይበርግላስ የተባለው ከመስታወት ክር የተሸመነ ጨርቅ መጣና ነገሩ ተለወጠ። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት በሚኒሶታ የታንኳ ውድድር ወዳጆች ጎድኖቹን አስወግደው ጣውላውን በዚህ ጨርቅ ማልበስ ያዙ። በ1983 ቴድ ሙርስና ሜሪሊን ሞር ያሳተሙት ካኑክራፍት የተባለው መጽሐፍም ሙያውን ለማንኛውም ትጉህ ሰው አደረሰው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር፥ ወርዱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሴዳር የተባለ ቀላል እንጨት ከጫፍ እስከ ጫፍ በሙጫ ይያያዛል፤ ከውስጥም ከውጭም ኢፖክሲ በተባለ ማጣበቂያ የራሰ ጨርቅ ይለብሳል። እንጨት በርዝመቱ ብርቱ ነው፤ በወርዱ ግን እንደ ማገዶ ይፈለጣል። ይህን ድካሙን የሚሸፍንለት ጨርቁ ነው። ክብደት ለመቀነስ ብሎ የውስጡን ጨርቅ የሚተው ሰው እንግዲህ ምን እንደሚተው ይወቅ።

ጌጡ በላዩ የተለጠፈ አይደለም፤ እንደ ነጠላ ጥለት ከአካሉ ጋር የተሠራ ነው። በቀዩ ሴዳር መካከል ዳር እስከ ዳር የሚሄድ አንድ ነጭ ጣውላ ጉልበት አይቀንስም፤ እርሱም እንደ ጎረቤቱ ሸክሙን ይሸከማልና። ጌጡ ከአጫጭር ቁርጥራጭ ሲሠራ ግን መጋጠሚያዎቹ በአንድ መሥመር እንዳይውሉ ማፈራረቅ ያሻል። ዋናው ችግር ሌላ ነው። ለጌጥ የሚመረጠው እንጨት ብዙ ጊዜ ከሴዳር ይጠነክራል። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ሴዳሩ ቶሎ ያልቃል፥ ጠንካራው ጉብ ብሎ ይቀራል፤ ሠሪውም ለማስተካከል ሲል ይደግማል፥ ይሠልሳል፤ ጎረቤቱ ጣውላም እየሳሳ ይሄዳል። በእኛ አስተያየት ታንኳውን የሚያደክመው ጌጡ ሳይሆን ይህ ፍግፈጋ ነው።

ጨርቁ ሲዘረጋ ነጭ ስለ ሆነ ጥለቱን ይጋርደዋል። ኢፖክሲው ሲፈስበት ግን እንደ መስኮት ይጠራል፤ ያን ጊዜ የእንጨቱ ቀለም ሁሉ፥ ሠሪው የረሳው የሙጫ ጠብታ ሳይቀር፥ ብቅ ይላል።