የሶዶ ቤት ሻጭ፣ ደላላውና አንቀጽ 1723

ገዥና ሻጭ በቤቱ ዋጋ ከተስማሙ በኋላ ሌላ ክርክር መነሣቱ የተለመደ ነው። የደላላውን ማን ይከፍላል? የስም ማዛወሪያውስ? ያደረ የቦታ ግብር ቢገኝ በማን ይታሰባል? ይህ የሁለት ሰዎች ጥቃቅን ሙግት ቢመስልም ሥሩ የአገሪቱ የመሬት ፖለቲካ ውስጥ ነው። ለዚህም ከወላይታ ሶዶ የተሻለ ማሳያ ያለ አይመስለኝም።

የምኒልክ ጦር በ1887 ዓ.ም. ንጉሥ ጦናን ድል ካደረገ በኋላ ወላይታ ውስጥ መሬት የአሸናፊው ሆነ፤ ባለርስቱም ገባር ሆነ። በ1967 ዓ.ም. በየካቲት የገጠሩን፣ በሐምሌ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማውን መሬትና ትርፍ ቤት ደርግ ወረሰ። ኢሕአዴግም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። እንግዲህ በሕግ ዓይን የሶዶ ሰው የሚሸጠው ግድግዳና ጣራ ብቻ ነው። በገበያ ዓይን ግን ያረጀች የጭቃ ቤት እንጨቷና ጭቃዋ ፈጽሞ ሊያስረዱት በማይችሉት ዋጋ ትሸጣለች። የሚከፈለው ለቦታው ነውና! ሕጉ የለም የሚለው ነገር በይፋ ዋጋ ሊወጣለት አይችልም። ስለዚህ እውነተኛውን ዋጋ የሚያውቀው ሰው ደላላው ሆነ። ኮሚሽኑም በአብዛኛው የዚህ ዕውቀት ዋጋ ነው።

ሶዶ ደግሞ ቦታዋ በመንግሥት ውሳኔ የሚወደድ ከተማ ናት። ከ1992ቱ የ‹‹ወጋጎዳ›› ቁጣ በኋላ ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ በ1993 ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን ሶዶ መቀመጫው ሆነች። በ1999 ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመባት። በ2015 ማብቂያ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ተባለች። ባለቤቱ በግቢው አንዲት ጡብ ሳይጨምር ሹመኛውና ሠራተኛው ቤት ፈላጊ ሆኖ መጣ።

ደላላን የ1952ቱ የንግድ ሕግ በስሙ ጠርቶ ያውቀው ነበር። የክፍያውን መጠን በተግባር የሚወስነው ግን ልማድና ስምምነት ነው። አዲስ አበባ ላይ ዘወትር የሚሰማው ሁለት በመቶ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን። ሦስት ሚሊዮን ብር ለሚሸጥ ቤት 60 ሺህ ብር ማለት ነው። በ1990 የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110ም ለስመ ንብረት ምዝገባ የደነገገው ሁለት በመቶ ነው፤ ይህኛውን ግን በልማድ የሚሸከመው ገዥው ነው። ሁለቱም ላይ መነጋገር ይቻላል። ‹‹እጄ የሚገባውን የተጣራ ብቻ ንገሩኝ፣ ሌላው የእናንተ ጉዳይ ነው›› የሚለው ሻጭ ብልጥ የሆነ ይመስለዋል። ከተጣራው በላይ የተጫነው በሙሉ የደላላው መሆኑን ሲሰማ ግን ዘግይቷል። በመቶኛ ቢሆን የሚያውቀውን ያህል ይከፍል ነበር፤ አሁን ስንት እንደከፈለ እንኳ አያውቅም።

ከሁሉም የከበደው ወጪ ግን ለመቆጠብ ሲባል ያልተከፈለው ነው። ያው የ1952 ዓመት ያፈራው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ሕዝቡ ግን በሽማግሌና በሦስት ምስክር ሲዋዋል ኖረ፤ ከቀረጡም ከምልልሱም ለመዳን። በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ወሰነ። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 መሠረትም ትርጓሜው የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ አሰረ። ውጤቱን አስቡት። ከተማው ተወዶበት የቆጨው ሻጭ ‹‹ውሉ አልተመዘገበም›› ብሎ ይከሳል፤ ቤቱን ይመልሳል፤ ገዥው የድሮውን ብሩን ይቀበላል። በኋላ የተሰጡ ውሳኔዎች ሻጩ ሽያጩን ላልካደበት ጉዳይ ይህን ጥብቅነት ቢያለዝቡትም፣ በዚያ በር የገባው ክፉ ልብ ብዙ ነበር።

ደላላው ኮሚሽኑን የሚፈልገው ግን ቀብድ በተቆጠረበት ዕለት ነው። በእኔ እምነት ሻጭ አጥብቆ ሊከራከርበት የሚገባው ከመቶኛው ይልቅ ይህ ቀን ነው፦ ክፍያው ውሉ በተመዘገበ ዕለት ይሁን፣ ይህም አስቀድሞ ይጻፍ። ቀብድ የተቀበለ ሰው ሐሳቡን ከለወጠ እጥፉን እንደሚመልስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደንግጓል። ደላላው ግን ቀድሞ የተቀበለውን እንዲመልስ የሚያስገድድ ጽሑፍ በእጃችሁ ከሌለ ልመና ብቻ ይቀራችኋል።

የቤቱን ፊት ሱቅ አድርጎ ያከራየ ሻጭ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለበት። በ1994ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ከሽያጩ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያ ያገለገለ ቤት ከካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር ነፃ ነበር፤ ለንግድ የዋለው ግን በጥቅሙ ላይ 15 በመቶ ይከፍል ነበር። የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979ም የ15 በመቶውን ተመን አስቀጥሎታል።

ከዚህ ሁሉ ለማምለጥ ሦስት ሚሊዮን የተሸጠውን ቤት በውሉ ላይ አንድ ሚሊዮን ብለው የሚጽፉ አሉ። ምክሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከደላላው ነው፤ የእርሱ ሁለት በመቶ ግን የሚሰላው ከሦስቱ ሚሊዮን ነው። ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስና ገንዘብ ይመለስ ቢባል ፍርድ ቤቱ የሚያነበው የተጻፈውን አንድ ሚሊዮን ነው።