ከእድር እስከ ኢሠአማ፦ «አናርኪስት» የሚለው ስድብ ከየት መጣ?

ኮልፌ ያደገ ልጅ ሁሉ የእድር ጥሩምባ ያውቃል። ገና ሳይነጋ ጥሩምባው ሲነፋ እናቶቻችን የሟች ስም እስኪጠራ ሳይጠብቁ ነጠላቸውን ይፈልጋሉ፤ እኛ ደግሞ ትራሱን ጭንቅላታችን ላይ አድርገን እንተኛለን። ማደግ ክፉ ነውና ባለፈው ሰሞን ከእኛ አንዷ በእናቷ ፈንታ የእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ተገኘች። (የቀረ ይቀጣል። በእድር ቅጣት ይግባኝ የለም።)

ክርክሩ የድንኳኑን ብረት ያጎበጠው ማን ነው የሚል ነበር። አንድ ጎረምሳ ተነስቶ፣ «ዳኛውም ጸሐፊውም በየዓመቱ ይቀየሩ፤ ገንዘብ ያዡም ሒሳቡን በየወሩ ያንብብልን» አለ። ይሄኔ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት፣ «አንተ አናርኪስት!» አሉት። ልጁ ሳቀ። የዕድሜ እኩዮቻቸው ግን አልሳቁም። አንዱ እንዲያውም፣ «ተው እንጂ ጋሼ፣ እንዲህ አይባልም» ብለው ገሠጿቸው። ከስብሰባው በኋላ ምነው ብለን ስንጠይቃቸው፣ «በዚህ ቃል ስንት ልጅ አልቋል» ብለውን ሄዱ።

እኛም እንደ ልማዳችን ነገሩን ይዘን ቤተ መጻሕፍት ገባን።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደርግ ኢሕአፓን ሲያወግዝ ከሚደጋግማቸው ስሞች አንዱ «አናርኪስት» ነበር። በአማርኛ ሲመለስ «ሥርዓተ አልበኛ» ይሉታል። በዚያ ዘመን ይህ ስም የተለጠፈበት ወጣት ዕጣው ምን እንደነበር ኮልፌም ሆነ ሌላ ሰፈር የወለዱ እናቶች ያውቁታል። የሚገርመው ግን ኢሕአፓ አናርኪስት አልነበረም። ማርክሲስት ሌኒኒስት ነበር፤ ማዕከላዊ ኮሚቴ ያለው፣ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ኅቡዕ ፓርቲ። አናርኪስት ቢሰማ የሚሸሸው ዓይነት ነገር ማለት ነው! እንግዲህ ይህ አስተሳሰብ ወደ አማርኛችን የገባው እንደ ሐሳብ ሳይሆን እንደ ክስ ነው። ክሱን ደግሞ ክፉኛ ከቀመሱት መካከል የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች ነበሩበት።

ለመሆኑ እውነተኛው አናርኪስት የሠራተኛ ማኅበር ምን ይመስላል? ዝነኛው የስፔኑ ሴኤንቴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ባርሴሎና ላይ ተመሠረተ። ሐሳቡን ለማስረዳት ብዙ ፍልስፍና አያስፈልግም። ሠራተኛው በሚሠራበት ቦታ ይደራጃል፤ የሚወስነው ራሱ በጉባኤ ነው፤ የሚወክለው ሰው መልእክተኛ እንጂ አለቃ አይደለም። ፓርቲም መንግሥትም መካከል አይገባም። ደመወዝ የሚከፈላቸው የማኅበር ሹሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ፣ ምክንያቱም ወንበር የለመደ ሰው ወደ ማሽኑ መመለስ እንደማይወድ ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 በባርሴሎና የኤሌክትሪክ ኩባንያ የጀመሩት አድማ 44 ቀን ቆይቶ ከተማዋን ጨለማ ውስጥ ጣላት። በዚያው ዓመት የስፔን መንግሥት የስምንት ሰዓት የሥራ ቀንን በአዋጅ ተቀበለ። በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ የባርሴሎናን ትራሞች ሠራተኞቹ ራሳቸው ተረክበው በቀናት ውስጥ ወደ ሥራ መለሷቸው። ከወራት በኋላ ግን መንግሥት አያስፈልግም ሲል የኖረው ማኅበር አራት ሚኒስትሮች አስሾመ። እኛ እዚህ ላይ ስንደርስ ሳቅንም አዘንንም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ውስጥ አናርኪስት የሠራተኛ ፌዴሬሽን ኖሮ አያውቅም። ግን በአለቃ ሳይሆን በተራ የሚመራ፣ የመንግሥት ፈቃድ ሳይጠብቅ የተነሣ፣ አባሉ ፊት ለፊት ተነሥቶ ገንዘብ ያዡን የሚያፋጥጥበት ማኅበር ድሮም ነበረን። ስሙ እድር ነው። የሠራተኛ ማኅበራችን ታሪክ የሚጀምረውም እዚያው ነው፤ ይህን ያልነው ለማሳመር አይደለም። ማኅበር ማቋቋም ባልተፈቀደበት ዘመን ሠራተኛው የሚሰበሰበው በእድርና በመረዳጃ ስም ነበር። ወንጂን ውሰዱ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. የስኳር ፋብሪካውን ሥራ አስጀመረ። አገዳ ቆራጩና የፋብሪካው ሠራተኛ መጀመሪያ ያቋቋመው እድር ነው። ለቀብር የሚዋጣው ገንዘብ ሰውን አንድ ቦታ ይሰበስባል፤ ሰው ከተሰበሰበ ደግሞ ስለ ቀብር ብቻ አያወራም። ስለ ደመወዝ ይነሣል፣ ስለ ፎርማን ይነሣል። አሠሪ እድርን ከልክዬ ቢል አገር ይታዘበዋል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነበር።

ሕጉ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1954 ክረምት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ድንጋጌ ወጣ፤ በ1956 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ሆነ። (ለሰፈራችን ልጆች ብቻ የሚሆን ጨዋታ፦ በዚያው በ1954 ክረምት ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ውስጥ የጦር ሥልጠና እየወሰዱ ነበር። ነፃነትን የሚያህል ነገር አጥሩ ውስጥ ሲለማመዱ አጥሩ ውጭ ያለው ሠራተኛ ማኅበር ለመመሥረት ፈቃድ ይጠብቅ ነበር።) በዚህ መሠረት በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ በአጭሩ ኢሠአማ ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን የመጡት ከዚያው ከወንጂ ነው። እድሩ አገር አቀፍ ሆነ ልትሉ ትችላላችሁ። እኛም ልንል ነበር፤ ቀጥሎ ያለውን ስናነብ ተውነው።

ምክንያቱም ሕጉ የሰጠው በአንድ እጁ ነው። ማኅበር ለመመሥረት በድርጅቱ ቢያንስ 50 ሠራተኛ መኖር ነበረበት። የመንግሥት ሠራተኛ አይመለከተውም፤ የቤት ሠራተኛም አይመለከታትም። ኢሠአማም በበየነ ሰሎሞን ፕሬዚዳንትነትና በፍሥሐ ጽዮን ተክኤ ዋና ጸሐፊነት ዘመን ከምዕራቡ ዓለም ማኅበራት ጋር ተወዳጀ። የአሜሪካኖቹ የሠራተኛ ማዕከል ረዳው፣ አሠለጠነው። እርዳታው ክፉ ነበር አንልም፤ ጽሕፈት ቤትም ሥልጠናም ይፈልግ ነበር። ነገር ግን የማኅበሩ ጉልበት ከአባል መዋጮ ይልቅ ከሌላ በር ሲመጣ አባሉ ገንዘብ ያዡን የማፋጠጥ ወኔው ይቀንሳል። ተማሪዎቹ አመራሩን የቤተ መንግሥትና የአሜሪካ ወዳጅ ብለው ይነቅፉት ነበር። እኛ በግማሹ እንስማማለን፤ ተማሪዎቹም ቢሆኑ በሠራተኛው ስም ከመናገር ያልቦዘኑ ነበሩና።

ከዚያ 1966 መጣ። የካቲት ላይ የመምህራን አድማ፣ የታክሲ ነጂዎች አድማ፣ የወታደር አመፅ ተከታተለ። የኢሠአማ አመራር ከታች ተገፍቶ 16 ጥያቄዎች አቀረበ፦ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል፣ ጡረታ፣ ለመንግሥት ሠራተኛም የመደራጀት መብት እና ሌሎችም። የካቲት 28 ቀን በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ተጀመረ። በግምት ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ ሥራ አቆመ። መጋቢት 2 የእንዳልካቸው መኮንን መንግሥት ተስማምቶ ፈረመ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! በየመሥሪያ ቤቱ አድማ ሆነ፤ ካህናት ሳይቀሩ የደመወዝ ጥያቄ ይዘው ተነሡ።

ያ የእድራችን አባት በዚያ ጊዜ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ሁለተኛ ጊዜ ሄደን ስናስጨንቃቸው የነገሩን አንድ ነገር ብቻ ነው። ጠዋት የፋብሪካው ፊሽካ ሳይነፋ ቀረ፤ እሳቸው ግን ከልማድ የተነሣ በሰዓታቸው ነቅተው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። «እንዴት ዓይነት ጸጥታ መሰለሽ» አሏት ጓደኛችንን። ሌላ ያወራሉ ብለን ብንጠብቅ ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣንና ጨለማ ነው። መስከረም 1967 ደርግ ሥልጣን በያዘ በቀናት ውስጥ የኢሠአማ ጉባኤ የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም፣ ወታደሩ ይውረድ ብሎ ወሰነ። በየነ ሰሎሞንና ፍሥሐ ጽዮን ተክኤ ታሰሩ። የተጠራው አድማ ከሸፈ። እነዚያ «የቤተ መንግሥት ወዳጅ» የተባሉት ሰዎች ወታደራዊ መንግሥትን እምቢ ለማለት ከቀደሙት መካከል መሆናቸውን ማንም ብዙ አያነሣም። እኛ እናነሣለን። ግንቦት ላይ ደርግ ጽሕፈት ቤቱን ዘጋና አዲስ ምርጫ ይደረግ አለ፤ የሚመቸኝ ይመረጣል ብሎ ይሆናል። የተመረጡት ማርቆስ ሐጎስ ግን የኢሕአፓ ሰው ነበሩ።

መስከረም 1968 አዲሱ አመራር በጉባኤው የመናገር፣ የመሰብሰብና አድማ የመምታት ነፃነትን ጠይቆ፣ ካልተሰጠ ጠቅላላ አድማ እንጠራለን ብሎ ወሰነ። ውሳኔው በወረቀት ተባዝቶ በየመሥሪያ ቤቱ መበተን ጀመረ። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወረቀቱ ሲበተን ወታደሮች የአየር መንገዱ ሠራተኞች ላይ ተኩሰው ሰባት ሰው ገደሉ። በቀናት ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኅዳር ላይ አዋጅ ቁጥር 64 ወጣና ኢሠአማ ፈረሰ። በአዲሱ ሕግ ማኅበራት በኢንዱስትሪ ዘርፍ ተደራጅተው በአንድ ማዕከላዊ ድርጅት ሥር እንዲገቡ ተደረገ። በ1969 ይህ ድርጅት የመላው ኢትዮጵያ የሠራተኞች ማኅበር ተብሎ ተቋቋመ፤ ዋና ሥራውም ምርታማነትን ማሳደግና ማርክሲዝምን ማስተማር ሆነ።

ደም ግን በአንድ ወገን ብቻ አልፈሰሰም። የአዲሱ ማኅበር የመጀመሪያ ሊቀመንበር ቴዎድሮስ በቀለ በዚያው ዓመት ተገደሉ። የተተኩት ተመስገን ማዴቦም እንዲሁ። ማርቆስ ሐጎስም ኅቡዕ ገብተው ነበርና ከቀይ ሽብር በሕይወት አልወጡም። ሦስቱም «የሠራተኛው ተወካይ» ነበሩ። ሠራተኛው ራሱ በመካከላቸው ምን አለ ብለን ብዙ ፈለግን፤ ያገኘነው ባብዛኛው የፓርቲዎችን ድምፅ ነው። አናርኪስቶቹ እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ ሲያስጠነቅቁ የኖሩት ይህንኑ መሆኑ ነው እንግዲህ የታሪክ ቀልድ፦ ባልነበሩበት አገር ስማቸው የክስ ወረቀት ላይ ተጻፈ፣ ማስጠንቀቂያቸው ግን አልደረሰም።

ዛሬ ያለው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ከደርግ ውድቀት በኋላ የተቋቋመ ነው። የእሱ ታሪክ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ እንጣል፦ በ1966 የተጠየቀው የዝቅተኛ ደመወዝ ጉዳይ፣ የሚያጠናው የደመወዝ ቦርድ ይቋቋም ተብሎ በአዋጅ የተጻፈው በ2011 ነው። አርባ አምስት ዓመት!

ይህን ሁሉ የምንቆፍረው ሥራ ፈትተን እንዳይመስላችሁ። ከእኛ አንዷ በአንድ መገናኛ ብዙኃን ውስጥ ያለ ውል ስምንት ወር ሠርታለች። ደመወዝ ሲዘገይ «ታገሡ፣ ቤተሰብ ነን» ይባል ነበር። ማኅበር እንመሥርት ብላ ስታነሣ የቅርብ አለቃዋ ረብሻ አትፍጠሪ አላት። (አናርኪስት አለማለቱ ደግ ነው፤ ቃሉን የሚያውቀውም አይመስለንም።) አሁን ሕጉ 50 ሰው አይልም፤ 10 ሠራተኛ ይበቃል። ከ10 በታች የሆኑ ደግሞ ከሌሎች ትንንሽ ድርጅቶች ሠራተኞች ጋር ሆነው ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። እኛ ተቆጥረን ሰባት ነን። ያ የእድራችን ጎረምሳ የሚሠራው አራት ሠራተኛ ባለው ማተሚያ ቤት ነው፤ ስንነግረው ሁለት ጓደኞቹን ይዞ እሑድ እንደሚመጣ ቃል ገብቷል። መሰብሰቢያ ቦታ ስላልነበረን የእድሩን ዳኛ ለምነን አዳራሹን ፈቅደውልናል። ወንበሮቹን ራሳችን መልሰን እንድንደረድር ግን አስፈርመውናል።