የአጥቢያ አስተዳደርና የሕፃናት ትምህርት

ሕፃን ልጅ አስተዳደር ምን እንደ ሆነ በመጀመሪያ የሚማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ውኃ ከሚቀዳበት ቦኖ፣ ወላጆቹ ጉዳይ ለማስፈጸም ከሚሰለፉበት ግቢ፣ ስለ ሹማምንትም በቤት ውስጥ በሹክሹክታ ከሚነገረው ቃል ነው። የአገራችን የዜግነት ትምህርት ታሪክ ሲመረመር ይህ እውነት ጎልቶ ይታያል።

የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመው በ1902 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው ግብረ ገብ በይበልጥ ያተኮረው በመልካም ጠባይ፣ ታላቅን በማክበርና ለዘውድ በመታመን ላይ ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ነዋሪዎች በየቀበሌው በማኅበር እንዲደራጁም ደነገገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። አስተዳደር በዚህ ሁኔታ ከልጁ ደጃፍ ደረሰ። ግን በምን መልክ? በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌ ግቢ ሰው የሚታሰርበት ስፍራ ሆነ። በኋላ ደግሞ ቀበሌዎች መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ፤ በ1971 ዓ.ም. ለተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሕዝቡን አስተባበሩ። ስለዚህ ቀበሌ ፊደልንም ፍርሃትንም አስተምሯል።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 50፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ነገር ግን ይህን ሐሳብ ለሰባት ዓመት ልጅ ለማስረዳት አንቀጹን ማስጠናት አይበጅም።

ከዚህ ይልቅ መምህሩ ተማሪዎቹን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ወዳለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ቢወስዳቸው ይሻላል። ቦዩን ማን ሠራው? ገንዘቡ ከማን ተሰበሰበ? ቆሻሻ ሲደፍነው የሚጠርገው ማን ነው? ለማንስ ይነገራል? የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች መሐንዲስ ሊመልሳቸው ይችላል። የመጨረሻውን ግን የሚመልሰው ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ነው። ልጆቹ ስለ ተደፈነው ቦይ ሊያመለክቱ ሲሄዱ የሚሰማቸው ቢያገኙ ዜግነትን ይማራሉ። «ነገ ተመለሱ» ተብለው ቢሸኙም ትምህርት መቅሰማቸው አይቀርም፤ ያን ትምህርት ግን ማንም መምህር በኋላ በቀላሉ አያስረሳቸውም።