አሲድ፣ በረኪናና ቲነር በቤት ውስጥ ሲውሉ የሚያስከትሉት የጤና አደጋ

የቤት ግንባታ ወይም እድሳት ሲጠናቀቅ በሴራሚክ ላይ የደረቀን ሲሚንቶ በአሲድ፣ መታጠቢያ ቤትን በበረኪና፣ የቀለም ጠብታን ደግሞ በቲነር ማጽዳት የተለመደ ነው። እነዚህ ኬሚካሎች ከግንባታ ቁሳቁስ ጋር ወይም እርስ በርሳቸው ሲገናኙ አደገኛ ጋዝና ትነት ሊፈጥሩ ይችላሉ።

አሲድ በሲሚንቶ፣ በእብነ በረድና በብረት ላይ

ለዚህ ሥራ የሚውለው አሲድ በአብዛኛው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። በሲሚንቶ ወይም በእብነ በረድ ላይ ሲፈስ የሚታየው አረፋ የጽዳት ምልክት ብቻ አይደለም፤ ቁሳቁሱ ራሱ እየተበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መፈጠሩን ያሳያል። ከአሲዱ የሚነሳው ትነት ዓይንን፣ ጉሮሮንና ሳንባን ያቃጥላል። አሲዱ ዚንክ የተለበጠ ቧንቧን ወይም ቆርቆሮን ሲነካ ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ይወጣል።

አሲድና በረኪና

በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለ ውሕድ ይዟል፤ ይህም ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የሆነውን ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። አደጋው የሚደርሰው ሁለቱ በአንድ ዕቃ ሲቀላቀሉ ብቻ አይደለም። በአሲድ የጸዳን ወለል ወይም የፍሳሽ መውረጃ በብዙ ውኃ ሳያጥቡ በረኪና ማፍሰስም ለተመሳሳይ አደጋ ያጋልጣል።

ቲነር

የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ይሰራጫል፤ ራቅ ብሎ ከሚገኝ የከሰል ምድጃ ወይም ሻማ እሳት ሊይዝ ይችላል። በዝግ ክፍል ውስጥ ሲተነፈስ ራስ ምታትና ማዞር ያስከትላል፤ ሲበዛም ራስን ያስታል።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

• በርና መስኮት ከፍቶ መሥራት፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ መጠቀም፤
• አሲድን ማቅጠን ሲያስፈልግ አሲዱን ወደ ውኃው በጥቂት በጥቂቱ መጨመር እንጂ ውኃን በአሲድ ላይ አለማፍሰስ፤
• ኬሚካሎችን በመጠጥ ውኃ ጠርሙስ አለማስቀመጥና ከሕፃናት ማራቅ።

አደጋ ሲደርስ

ጋዝ የሸተተው ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ይኖርበታል። ኬሚካል የነካው ዓይን ወይም ቆዳ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። የጠጣን ሰው እንዲያስመልስ ማድረግ የበለጠ ስለሚጎዳው ፈጽሞ አይገባም። በክሎሪን ጋዝ የሚደርስ የሳንባ ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊባባስ ስለሚችል፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው ሕመሙ የቀለለው ቢመስልም የኬሚካሉን ዕቃ ለባለሙያ ለማሳየት ይዞ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሳይዘገይ መሄድ አለበት።