ተሲያት በጉለሌ፦ የዘጠኝ ሰዓት ታሪክ

አማርኛ ከቀትር በኋላ ያለውን የቀን ክፍል ተሲያት ይለዋል። ቃሉ የመጣው ዘጠኝ የሚል ፍቺ ካለው የግእዝ ቃል ከተስዓት ሲሆን፣ ከንጋት ጀምሮ ሲቆጠር ዘጠነኛው ሰዓት የሚውልበትን ጊዜ ያመለክታል። ቀኑን ከንጋት ጀምሮ በዐሥራ ሁለት ሰዓት መክፈል በጥንቱ የሮማ ዓለምም የተለመደ ነበር፤ እንግሊዞች ዛሬ እኩለ ቀንን የሚጠሩበት ኑን የተባለው ቃልም ከላቲን ዘጠነኛ ሰዓት የተወሰደ ነው። ይሁን እንጂ በመካከለኛው ዘመን የገዳማቱ ጸሎትና ማዕድ ቀስ በቀስ ወደ ቀደመ ሰዓት ሲሳብ የእንግሊዝኛው ቃል ከዘጠኝ ወደ ስድስት ሰዓት ተሻገረ፤ የአማርኛው ግን ከጾም ጋር ተጣብቆ በስፍራው ጸና።

ይህ ትስስር ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ጉለሌ ነው። በዚያ ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ጎሳ ስሙን የወረሰው ይህ አካባቢ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በፊት የከተሙበትን የእንጦጦን ተራራ ይዟል፤ ንጉሡ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያምና ጎረቤቷ ራጉኤል የተባሉት አብያተ ክርስቲያናትም የሚገኙት በዚሁ ተራራ ላይ ነው።

የእጅ ሰዓት ባልነበረበት ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሰዓት የሚያውቁት ጥላ በመስፈር ነበር። ሰፋሪው ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና የራሱ ጥላ ያረፈበትን ያስተውላል፤ ከዚያም ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ እስከዚያ ድረስ በእግሩ ይለካል፤ ያገኘውንም ቁጥር በየወሩ ከተወሰነው የጥላ ሐሳብ ጋር ያስተያያል። ስሌቱ በየወሩ መለያየቱ ግድ ነው፤ ፀሐይ በእንጦጦ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ በቀትር ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ሰሜን ይዞራል። የዐቢይ ጾም እኩሌታ በሚውልበት በመጋቢት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰው ጥላ ከቁመቱ ጋር ይተካከላል፤ ይህም በገዛ እግሩ ሲሰፈር ከስድስት እስከ ሰባት እግር ያህል ነው። ለጿሚው ይህ ልክ ተራ ቁጥር አልነበረም፤ በሁዳዴ የሥራ ቀናት ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ እህል የሚቀመሰው ቅዳሴው ሲያበቃ በተሲያት ነው።

ከተራራው ግርጌ በሽሮ ሜዳ የሰፈሩት፣ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ደግሞ ቀኑን በብርሃን ይከፍሉት ነበር፤ ዋጋቸው የሚታሰበው ሠርተው በሚያወጡት ሸማ እንጂ በሰዓት አልነበረምና፣ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ማጉን የሚወረውር ሰው ድርና ማጉን እስካየ ድረስ ይሠራል።

ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስና ኋላም ሬዲዮ ሲከተል ከተማዋ በደቂቃ መቁጠርን ተማረች፤ ነገር ግን ቆጠራውን ከንጋት መጀመርን አልተወችም። እንዲያውም በምድር ወገብ አጠገብ የቀኑ ርዝማኔ ከበጋ እስከ ክረምት የሚለያየው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አሮጌው ቆጠራ ከአዲሱ መሣሪያ ጋር ያለ ችግር ተስማማ፤ በውጭ አገር የተሠራው ሰዓት ሦስት ላይ ሲያመለክት የጉለሌ ሰው ዘጠኝ ብሎ ያነብበዋል። በዕለት ንግግር ግን ተሲያት የሚለው ስም ቦታውን ለከሰዓት በኋላ እየለቀቀ ሲሆን፣ ይህም የሚያሳዝን ነው፤ አዲሱ አነጋገር የትኛውን ሰዓት ቆጥሮ እንደተነሣ አይናገርም።