«አክተሩ አይሞትም»፦ ስለ ጀግኖች ቡድንና ስለ «ክፍል ሁለት»

አንድ ማታ እዚህ ኩየራ፣ በማደሪያችን፣ አንዲት ላፕቶፕ ከበን ፊልም ስናይ ክርክር ተነሣ። ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች ተሰባስበው የሚዋጉበት የቡድን ፊልም ይሻላል ወይስ ያወቅነው ታሪክ የሚቀጥልበት «ክፍል ሁለት»? ነገሩ በሳቅ ተጀመረ፤ እያደር ግን የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። (የፊልሞቹን ዓመት በፈረንጅ፣ የሀገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።)

በመጀመሪያ ቡድኑን እንይ። «አቬንጀርስ» በ2012 ሲወጣ ዋናዎቹ ጀግኖች እንግዳ አልነበሩም። ከ2008 እስከ 2011 በወጡ አምስት ፊልሞች አይረን ማንን፣ ሀልክን፣ ቶርንና ካፒቴን አሜሪካን ተመልካቹ አስቀድሞ ተዋውቋቸዋል። ስለዚህ ጠባቸው ራሱ ይጥማል፤ ማን በምን እንደሚቆጣ እናውቃለንና። የ2017ቱ «ጀስቲስ ሊግ» ግን ፍላሽን፣ አኳማንንና ሳይቦርግን የየራሳቸው ፊልም ሳይኖራቸው ከሌሎቹ ጋር ቀላቀላቸው። ሁለት ሰዓት ለስድስት ጀግና! ለሰላምታስ መች ይበቃል? እንግዲህ የቡድን ፊልም ብርታቱ የባሕርይ ልዩነት፣ ድክመቱ ደግሞ ግርግር ነው።

ክፍል ሁለትስ? ብርታቱ ትዝታ ነው። «ስፓይደርማን 2» (2004) ጀግንነት ምን ያስከፍላል ብሎ ይጠይቃል፤ ልጁ ትምህርቱ ይበላሽበታል፣ የቤት ኪራይ ይቸግረዋል። ያው እኛን መሰለ ማለት ነው! ድክመቱ ደግሞ የመጀመሪያውን ድል አግዝፎ መድገም ነው፤ ፍንዳታው ይበዛል፣ ሐሳቡ ግን እዚያው ነው።

ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ራሳችን ታሪክ ብንዞርስ? አድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የቡድን ታሪክ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው የተማረኩ ሰው ናቸው። ራስ መንገሻና ራስ አሉላም ከዐፄ ምኒልክ ጋር ተኳርፈው ቆይተዋል። ሁሉም ግን መጡ። እቴጌ ጣይቱ ደግሞ መቀሌ ላይ የምሽጉን ውሃ የማስያዝን ዘዴ አመጡ። የየራሱ ታሪክ የሌለው አንድም አልነበረም።

ማይጨው፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ክፍል ሁለት ነው። ጠላት አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ይዞ ተመለሰ፤ የእኛ ጦር ግን ፊት ለፊት ገጥሞ በአንድ ታላቅ ውጊያ ሊለይለት ሞከረ። አልሆነም። አርበኞች አምስት ዓመት ጠላትን እንቅልፍ የነሡት ስልቱን ለውጠው፣ ጫካ ገብተው፣ በደፈጣ ነው። ባልቻ ሳፎ በሁለቱም ክፍል አሉ፤ በአድዋ መድፈኛ የነበሩት ሰው፣ ሸምግለው፣ በ1929 ዓ.ም. ጣሊያንን ሲዋጉ ወደቁ።

ፊልምና ታሪክ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ገብተን ስንጨነቅ ታላላቆቻችን «አይዞህ፣ አክተሩ አይሞትም» ይሉን ነበር። እውነትም በ2018 «ኢንፊኒቲ ዋር» ላይ አመድ የሆኑት በ2019 «ኤንድጌም» ላይ ተመለሱ። ፊታውራሪ ገበየሁ ግን አድዋ ቀሩ። ለማይጨው አልተመለሱም።

የዚያን ማታ ክርክር ማንም አላሸነፈም። አንድ ነገር ግን ከነከነን። አድዋን ስናወሳ አብዝተን የምንደግመው ተኩሱንና ፉከራውን፣ ማለትም ፍንዳታውን ነው። እምባቦን የሚያነሣ ከመካከላችን ስንቱ ነው? ትናንት ጦር የተማዘዙ ሰዎች ዛሬ በአንድ ሰፈር እንዴት አደሩ? ማን ይቅር አለ፣ ማን ቂሙን ዋጠ? የቡድኑ ብርታት ያለው እዚያ ነው። እኛ ደግሞ ዛሬ የቸገረን ተኩስ አይደለም። ከእንግዲህ ክፍል ሁለት እንጻፍ የሚል ጓደኛ ካለ፣ እባክህ፣ ከእርቁ ጀምር።