የብሪታንያ ሳንቲሞች የዋጋ መመሪያ

የብሪታንያ ሳንቲሞች የዋጋ መመሪያ ማለት በእንግሊዝና በኋላም በተባበረው የብሪታንያ መንግሥት የወጡ ሳንቲሞችን በዓይነት፣ በዓመትና በይዞታ ለይቶ የእያንዳንዱን ግምታዊ ዋጋ የሚዘረዝር መጽሐፍ ነው። ሳንቲም ሰብሳቢዎች፣ ነጋዴዎች፣ ጨረታ ቤቶችና ሳንቲም የወረሱ ሰዎች ይጠቀሙበታል። በመመሪያው ላይ የሚታየው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ነጋዴው ለሰብሳቢ የሚሸጥበት ግምት ነው። ባለቤቱ ሳንቲሙን ለነጋዴ ሲሸጥ የሚያገኘው ገንዘብ ከዚህ ያነሰ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋና ዋና መመሪያዎች

በዘርፉ ይበልጥ የታወቀው «ኮይንስ ኦፍ ኢንግላንድ ኤንድ ዘ ዩናይትድ ኪንግደም» የተባለው ዓመታዊ ካታሎግ ነው። መጀመሪያ ሲቢ በተባለው የለንደን የሳንቲም ነጋዴ ድርጅት በ1929 ታተመ። ዛሬ የሚያሳትመው ስፒንክ የተባለው የለንደን ጨረታ ቤት ነው። በካታሎጉ ውስጥ እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ቁጥር አለው። ነጋዴዎችም «የስፒንክ ቁጥር» እያሉ በዚሁ ስለሚጠሩት፣ ገዢና ሻጭ በተለያየ አገር ቢሆኑ እንኳ ስለ የትኛው ዓይነት እንደሚነጋገሩ ይግባባሉ።

ከዚህ ሌላ ከ«ኮይን ኒውስ» መጽሔት አሳታሚ የሚወጣው «ኮይን ይርቡክ» በሰፊው ይሠራበታል።

ሳንቲሙን መለየት

ዋጋ ከመፈለግ በፊት ሳንቲሙ የትኛው እንደሆነ በትክክል መታወቅ አለበት። በቅደም ተከተል የሚታዩት የሚከተሉት ናቸው።

1. የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ ምስልና ስም። ይህ ያለው በፊት ገጽ ማለትም በተለምዶ «ዘውድ» በሚባለው በኩል ነው።
2. የገንዘቡ መጠን። እስከ የካቲት 1971 ድረስ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ ደግሞ 12 ፔንስ ነበር። ስለዚህ አንድ ፓውንድ 240 ፔንስ ነበር ማለት ነው።
3. ዓመቱ።
4. ትንንሽ ምልክቶች። ለምሳሌ በአንዳንድ የ1912፣ የ1918 እና የ1919 ፔኒዎች ላይ ከዓመቱ አጠገብ «ኤች» የምትባል የላቲን ፊደል አለች። ይህም በበርሚንግሃም ከተማ በሂተን ፋብሪካ የተሠሩ መሆናቸውን ያመለክታል።

ትንሽ ልዩነት ትልቅ የዋጋ ልዩነት ያመጣል። ከ1971 እስከ 1981 የወጡት የ2 ፔንስ ሳንቲሞች «ኒው ፔንስ» የሚል ጽሑፍ አላቸው፤ በብዛት ስለሚገኙም ከተጻፈባቸው ገንዘብ በላይ አያወጡም። ከ1982 ጀምሮ ጽሑፉ «ቱ ፔንስ» በሚል ተተካ። ይሁንና በ1983 ጥቂት ሳንቲሞች በስህተት በአሮጌው ጽሑፍ ስለወጡ ሰብሳቢዎች በብዙ ዋጋ ይገዟቸዋል። ስለዚህ ጽሑፉን ብቻ አይቶ ዓመቱን ያላየ ሰው ተራውን ሳንቲም ውድ አድርጎ ሊገምት ይችላል።

የይዞታ ደረጃዎች

የመመሪያው ሠንጠረዥ ለአንድ ሳንቲም በርከት ያሉ ዋጋዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ዋጋዎቹ የሚለያዩት ሳንቲሙ ባለበት ይዞታ መሠረት ነው። በብሪታንያ የተለመዱት ደረጃዎች እነዚህ ናቸው።

• ፌር፦ በጣም ያለቀ፣ ነገር ግን ዓመቱና ዋናው ምስል የሚለይ።
• ፋይን፦ ከፍ ከፍ ያሉት የምስሉ ክፍሎች በግልጽ የተበሉ።
• ቬሪ ፋይን፦ ጥቂት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ መጠነኛ መበላት ያለበት።
• ኤክስትሪምሊ ፋይን፦ መበላቱ በቅርበት ካልታየ የማይታወቅ።
• አንሰርኩሌትድ፦ ለግብይት ያልዋለ፣ ከማተሚያው እንደወጣ ያለ።

«ፕሩፍ» የሚለው ቃል ደረጃ ሳይሆን በልዩ ጥንቃቄ ለሰብሳቢዎች የተዘጋጀ ሳንቲም መጠሪያ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የነጥብ መለኪያ ይሠራበታል።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ባለቤት ሳንቲሙን ከእውነተኛ ይዞታው ከፍ አድርጎ ማየት ይቀናዋል፤ በአንድ ደረጃ መሳሳት ደግሞ ዋጋውን በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊያዛባ ይችላል። የሚመከረው ሁለት ደረጃዎች ሲያጠራጥሩ ዝቅተኛውን መያዝ ነው።

የብረቱ ዋጋ

የብርና የወርቅ ሳንቲሞች ከሰብሳቢ ዋጋቸው ሌላ የብረታቸው ዋጋ አላቸው። የብሪታንያ የብር ሳንቲሞች እስከ 1919 ድረስ 92.5 በመቶ፣ ከ1920 እስከ 1946 ደግሞ 50 በመቶ ብር ነበሩ። ከ1947 ጀምሮ ለግብይት የወጡት ከመዳብና ከኒኬል ቅልቅል ስለተሠሩ ብር የለባቸውም። ለምሳሌ 14.14 ግራም የሚመዝነው «ሃፍ ክራውን» (ሁለት ሽልንግ ከስድስት ፔንስ) በመጀመሪያው ዘመን 13.08 ግራም፣ በሁለተኛው 7.07 ግራም ንጹሕ ብር አለው። የታተመ መመሪያ የሚወጣው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን የብርና የወርቅ ዋጋ ግን በየቀኑ ይለዋወጣል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ሳንቲሞች የዕለቱን የብረት ዋጋ ማየት ያስፈልጋል።

ብርቅነትና ፍላጎት

እርጅና ብቻውን ዋጋ አያመጣም። በ1797 የወጣው ትልቁ የመዳብ ፔኒ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ያለቀው በቀላል ዋጋ ይገኛል። በሌላ በኩል በ1933 የታተሙት ፔኒዎች ጥቂት ብቻ ስለነበሩ፣ ዛሬም ሰባት ያህል ብቻ ስለሚታወቁ፣ ከብሪታንያ ሳንቲሞች ሁሉ እጅግ ከሚፈለጉት መካከል ናቸው። በዘመናዊዎቹ ዘንድ ደግሞ በ2009 የኪው የዕፅዋት ስፍራ 250ኛ ዓመት ሲከበር የወጣው የ50 ፔንስ ሳንቲም 210,000 ብቻ ስለታተመ ተፈላጊ ሆኗል። ይኸው ንድፍ በ2019 ለሰብሳቢዎች በድጋሚ ስለወጣ እዚህም ዓመቱን ማየት ግድ ነው።

የመመሪያ ዋጋና እጅ የሚገባ ገንዘብ

አንድ ሳንቲም በጨረታ በ100 ፓውንድ ተሸጠ እንበል። ጨረታ ቤቱ ከገዢው 20 በመቶ ክፍያ ቢጠይቅና በክፍያው ላይ 20 በመቶ ታክስ ቢታሰብ ገዢው 124 ፓውንድ ይከፍላል። ከሻጩ ደግሞ 15 ፓውንድ ቢቀነስ እጁ የሚገባው 85 ፓውንድ ነው። ነጋዴም ሲገዛ ትርፉንና ሳንቲሙ ሳይሸጥ የሚቆይበትን ጊዜ ስለሚያሰላ ከመመሪያው ዋጋ ዝቅ አድርጎ ይገዛል። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ሆኖም የመመሪያውን ዋጋ የማያውቅ ወራሽ የቀረበለት ዋጋ ተገቢ ይሁን አይሁን መለየት አይችልም። ስለዚህ ከመሸጥ በፊት መመሪያውን ማየት፣ በቅርቡ በጨረታ የተከፈሉ ዋጋዎችን ማነጻጸርና ከአንድ በላይ ነጋዴ መጠየቅ ይጠቅማል።

የተለመዱ ስህተቶች

• ማጽዳት፦ ሳንቲምን በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና ማሸት የላይኛውን ገጽ ይጎዳል፤ የሰብሳቢ ዋጋውንም ይቀንሳል። ጉዳቱ መልሶ አይስተካከልም።
• የተጠየቀን ዋጋ እንደተከፈለ መቁጠር፦ በኢንተርኔት ገበያ ላይ ማንም የፈለገውን ዋጋ መጻፍ ይችላል። ለንጽጽር የሚረዳው የተሸጠበት ዋጋ ነው።
• ሐሰተኛ ሳንቲም፦ ውድ ሳንቲሞች በሐሰት ይሠራሉ፤ በተራ ፔኒ ላይ ዓመቱ ተለውጦ 1933 የተደረገባቸውም አሉ። ክብደትና ስፋትን በመመሪያው ላይ ካለው ጋር ማስተያየት የመጀመሪያው ፍተሻ ነው።

የማሪያ ቴሬዛ ብር

በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ያገለገለው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር የኦስትሪያ ገንዘብ ቢሆንም፣ ከ1936 ጀምሮ በለንደኑ ሮያል ሚንትም ይታተም ነበር። የትም ይታተም የት በላዩ ያለው ዓመት 1780 ነው። ስለዚህ ዓመቱ የታተመበትን ዘመን አይናገርም። ሰብሳቢዎች የሚለዩት በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ባሉት ዕንቁዎችና በንስሩ የጭራ ላባዎች ጥቃቅን ልዩነት ነው። ያልተለመደ ዓይነት ካልሆነ ግን ዋጋው በአብዛኛው በውስጡ ያለውን 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይከተላል።